ለዓይን የተሠራ ጥንቃቄ

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2020 ምሽት፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ስካጂት ካውንቲ፣ 61 ሰዎች ለመዝሙር ልምምድ ተሰበሰቡ። በር ላይ የእጅ ማጽጃ ቀርቧል፤ መጨባበጥና መተቃቀፍ ቀርቷል። ከዚያ በአዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆዩ። 53ቱ ታመሙ፤ ሁለቱ ሞቱ።

መንግሥታት ለኮሮና የሰጡት ምላሽ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ወደዚያ አዳራሽ ይመለሳል። ዘማሪዎቹ ቸልተኞች አልነበሩም። እጃቸውን ሲጠብቁ በሽታው በትንፋሽ ገባባቸው እንጂ።

ማርች 28 ቀን የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ በአየር አይተላለፍም ሲል በእርግጠኝነት አወጀ። «ገና አልተጣራም» ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? መንግሥታትም የሚታየውን ሥራ ተያያዙት። በየከተማው ጎዳና ላይ ኬሚካል በመኪና ተረጨ፤ ድርጅቱ ራሱ በሜይ ወር መንገድ መርጨት አይመከርም እስኪል ድረስ። በካሊፎርኒያዋ ሳን ክሌሜንቴ ከተማ ደግሞ ወጣቶች በስኬትቦርድ የሚንሸራተቱበት ሜዳ 37 ቶን አሸዋ ተደፋበት። ነፋስ እንደልቡ ከሚነፍስበት ሜዳ ሰውን አባርሮ ቤት ውስጥ መክተት ጥንቃቄ ተባለ!

ኬሚካል የሚረጭ መኪና በቴሌቪዥን ያምራል። መስኮት ሲከፈት ግን ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም።

ጃፓን በዚያው ማርች ሕዝቧን ከሦስት ነገሮች ራቁ አለች፦ አየር ከማይዘዋወርበት ክፍል፣ ሰው ከታጨቀበት ቦታ፣ ተጠጋግቶ ከማውራት። ባለሙያዎቿ የመጨረሻውን ማስረጃ አልጠበቁም። ሕመምተኞቹ በሽታው ከየት እንደያዛቸው ወደኋላ እየተከታተሉ ሲያጣሩ፣ የሙዚቃ ምሽት፣ የስፖርት ማዘውተሪያ፣ መጠጥ ቤት እየተደጋገመ መጣባቸው። ለምክር ይህ በቂ ነበር።

በማርች ባለማወቅ ማንንም አልከስም፤ በሽታው ለሁሉም አዲስ ነበር። የምከሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን ግትርነት ነው። በጁላይ 239 ሳይንቲስቶች በአየር መተላለፉ ትኩረት ይሰጠው ሲሉ በይፋ ጠየቁ። በኤፕሪል 2021 የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የተበከለ ዕቃ በአንድ ንክኪ በሽታውን የማስያዝ ዕድሉ ባጠቃላይ ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ ገለጸ። ያን ጊዜም ቢሆን ጠረጴዛ ወልዋዩ ጨርቁን አልጣለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያም የሰው ግንባር በሙቀት መለኪያ መለካቱ ቀጥሎ ነበር፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ክፍል እንደታፈነ።