አራት ሠራተኛ ያለው ሥራ አስኪያጅ አያስፈልገውም?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የይግባኙን ውሳኔ አስነበበኝ። ከአዲስ አበባ ቨርጂኒያ የተላከው የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቅርንጫፍ እንዲመራ ነው። ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆቻቸውን ወደ አሜሪካ ቢሯቸው የሚልኩበት የኤል ዋን ኤ ቪዛው እንዲራዘም ተጠየቀ። «አራት ሠራተኛ ላለው ቢሮ ሥራ አስኪያጅ አያስፈልግም» ተብሎ ተከለከለ። ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ምክንያቱን ሳነብ በገንኩ።

አራት ሠራተኛ ሲያንስ ስንት ሊሆን ነው? የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 101 እኮ የሠራተኛ ብዛት ከታየ ድርጅቱ የደረሰበት ደረጃና የሚያስፈልገውም አብሮ ይታይ ይላል። በ2016 ደግሞ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለመርማሪዎቹ መመሪያ ያደረገው የይግባኝ ውሳኔ አለ፤ ውጭ አገር ሆነው ሥራውን የሚደግፉ ሠራተኞችም ይታዩ የሚል። የወዳጄን ቡና የሚቀምሱት፣ ሰነዱን የሚጨርሱት፣ ኮንቴይነሩን የሚያስጭኑት አዲስ አበባ ነው ያሉት። ስማቸውና ሥራቸው በማመልከቻው ተጽፏል። ውሳኔው ዘሎአቸዋል።

ከሁሉ የባሰው የደረሰኙ ነገር ነው። አንድ የርክክብ ደረሰኝ ላይ ፊርማው ተገኘ። በቃ፣ «ዕቃ ተረካቢ ነው» ተባለ! ሕጉ የሚጠይቀው ሰውየው በዋናነት ምን ይሠራል ብሎ ነው። አንዲትም ወረቀት እንዳይነካ አላለም። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ «ፈርምልኝ» ሲል «እኔ ማናጀር ነኝ፣ አልፈርምም» ሊለው ነበር? ትንሽ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። አለቃው ጠዋት ውል ይደራደራል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ዋጋ ይወስናል። ከሰዓት የተበላሸ ፕሪንተር ይነካካል። ፕሪንተሩ ሹመቱን አይሽርም። መርማሪው ግን ውሉን ትቶ ፕሪንተሩን ይቆጥራል።

ማስረዳት የአመልካቹ ግዴታ ነው፣ እሺ። «ስትራቴጂ ይነድፋል፣ ያቅዳል፣ ይመራል» የሚል ከኢንተርኔት የተቀዳ የሥራ ዝርዝር የሚያስገቡ ጠበቆችም አሉ። የወዳጄ ግን እንደዚያ አይደለም። የፈረማቸው ውሎች፣ ራሱ ያወጣቸው የቅጥር ደብዳቤዎች፣ የድርጅቱ መዋቅር ሁሉም ተያይዟል።

አዲስ ቢሮ ለሚከፍት ደግሞ መጀመሪያ የሚሰጠው አንድ ዓመት ነው። ቢሮ ተከራይቶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ የመጀመሪያዋን ኮንቴይነር ከወደብ እስኪያወጣ ግማሹ ያልቃል። በቀረው ስንት ሰው እንዲቀጥር ነው የሚፈለገው?

አሁን በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይለት ሊያመለክት ነው። አገር ልቀቅ ቢባል እነዚያ አራት ሠራተኞች ማንን ጠይቀው ነው ዋጋ የሚቆርጡት? መርማሪውን?