«የእኛ ልጅ» ለማለት አምበል እስኪሆን አትጠብቁ

የጎንደር ሰዎች፣ ቅር ብትሰኙም ዛሬ የምናገረው አለኝ። ነገሩ እኔንም ይመለከታል።

በቀደም ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ኳስ እያየን ነበር። የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ይጫወታል። አምበሉ ኤሊ ዳሳ ሲታይ አንዱ ብድግ አለና «የእኛ ልጅ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ልጁ የተወለደው እዚያው እስራኤል ነው፤ ቤተሰቡ ግን ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ናቸው። ከማካቢ ቴል አቪቭ ወደ ሆላንዱ ቪተስ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ዲናሞ ሞስኮ ሄዷል። ከእሱ በፊት ደግሞ ባሩክ ደጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፣ በልጅነቱ ተሰደደ፣ ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻምፒዮንስ ሊግ ክለቡ ማካቢ ቴል አቪቭ ከዩቬንቱስ፣ ከባየርንና ከአያክስ ጋር ሲደለደል እሱም እዚያው ነበር።

ወገኖቼ፣ የእነዚህን ተጫዋቾች ወገን እዚህ ሳሉ ምን ነበር የምንላቸው?

እናውቀዋለን። «ፈላሻ» አልናቸው። ማረሻችንን ቀጥቅጠው፣ ጀበናችንን ሠርተው ሰጡን። ቀን ገበያ ላይ እቃቸውን ገዛን፣ ማታ ጅብ ይሆናሉ ብለን ልጆቻችንን አስፈራራን። ርስት ከለከልናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሱዳን ለመድረስ በእግር ሲጓዙ ስንቱ መንገድ ላይ ቀረ። ከከተማችን ወጣ ብላ ባለችው መንደራቸው በወለቃ ቤቶቻቸው እስከ ዛሬ አሉ። ቱሪስት ይዘን እንሄዳለን፣ የሸክላ ምስል እናስመርጣለን። ሠሪዎቹ ለምን እንደሄዱ ሲጠየቅ ግን ወሬ እንቀይራለን።

«ያ የድሮ ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም።

ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ዛሬም ከተማችን ውስጥ አሉ። ልጆቻቸው ከልጆቻችን ጋር ኳስ ይጫወታሉ። አንድ እሑድ ጠዋት ሰፈራችን ሜዳ ላይ ቆሜ አየሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በተቀደደ ሸራ ጫማ ተከላካይ ይጫወታል። ከአጥቂው እግር ኳሷን ንጹሕ አድርጎ ነጠቀ። ትንሽ ቆይቶ ኳሷ እሾህ ወጋትና ተነፈሰች። አንዱ ልጅ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሱ ነው የበላት!» ሁሉም ሳቁ። ዳር የቆሙ አባቶችም ሳቁ። ልጁ ጫማውን አወለቀ፣ አራገፈው፣ መልሶ አሰረው። ማሰሪያው ላይ ብዙ ቆየ። ቀና ማለት አልፈለገም።

እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

አባቶች ሆይ፣ ልጅ ይህን ቃል ከሜዳ አይለቅምም። ከምድጃችን ዙሪያ ነው የሰማው። የሰፈር አሠልጣኞች፣ ስድቡን እንደ ፋውል ቁጠሩት፤ አቁሙና አስወጡ። እናንተ ስታዲየም ገብታችሁ ለፋሲል ከነማ ድምፃችሁ እስኪዘጋ የምትጮኹ፣ ልጁ ሲሰደብ አንድ ጊዜ «ተው!» ማለት ምን ይከብዳል? የተራ ጠባቂ ልጅ ነገ ሊሄድ ይችላል፣ ላይሄድም ይችላል። እዚህ እስካለ ድረስ የሰፈራችን ልጅ ነው።

የፊታችን እሑድ ወደዚያ ሜዳ እመለሳለሁ። የተነፈሰችውን ኳስ አስለጥፌያታለሁ። ስሙንም ጠይቄ አውቄዋለሁ። በስሙ ነው የምጠራው። ኑ፣ እናንተም ጥሩት።