ይድረስ በትናንሽ ካሬዎች ለተገጣጠሙት ለክቡር ፒክስል ፊደል፣ ባሉበት ስክሪን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ቢሮ ሄጄ ነበር። የቱ ቢሮ እንደሆነ የባሕር ዳር ሰው አይጠይቀኝም፤ ያው የኮፒውን ኮፒ አምጡ የሚባልበት ነው። ዘንድሮ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅለዋል፣ ተራ የሚጠራው እሱ ነው። መስኮቶቹ ከ«ሀ» እስከ «ሰ» ተደርድረዋል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ እርስዎ በአረንጓዴ ካሬዎችዎ ተሰይመዋል። «ሬትሮ እኮ ነው ፋዘር፣ የድሮ ስታይል» አለኝ አጠገቤ ያለ ጎረምሳ።

ቁጥሬ ወጣ። መስኮት «ለ»። ሰው እየገፋሁ፣ ይቅርታ እያልኩ ደረስኩ። «የእርስዎ «ሰ» ነው፣ አያዩም እንዴ?» ተባልኩ። ቀና ብዬ ባይ የ«ሰ»ን አናት ቆርጠው «ለ» አስመስለውታል። ከሁለተኛው መስኮት ሰባተኛው ስደርስ ተራዬ አልፏል። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ ደግሞ አወቀችኝ። «ውይ ቲቸር! ፊደል ያስቆጠሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት!» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥበቃው አዝኖልኝ ክንዴን ያዘ። «ይምጡ አባባ፣ እኔ አነብልዎታለሁ።» ዕድሜ ልኬን አማርኛ ላስተማርኩት ሰውዬ!

የእህቴ ልጅ የሰርግ ጥሪ ላይ መውጣትዎን ይቅር ብዬ ነበር። ሐይቁ ዳር ባለው ጁስ ቤትም ሜኑውን በእርስዎ ስለጻፉት ስፕሪስ የማዘው በጣቴ ነው።

ታሪክዎን አላጣሁትም። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የአፕል ኮምፒውተር፣ ማኪንቶሽ፣ ስክሪኑ 512 በ342 ነጥብ ብቻ ነበር። ዲዛይነሯ ሱዛን ኬር ፊደሎቹን ካሬ በካሬ የሳለችው ነጥብ ስላጠረ ነው። ያኔ ክብር ይገባዎታል፤ ጌም ላይም ያምርብዎታል። ለላቲን 26 ፊደልም 8 በ8 ካሬ አይጠብም። የእኛ ግን 33 በ7 ነው፣ 231። «ቢ»ን ከ«ቤ» የምትለያት እግሯ ሥር ያለች ቀለበት ናት፤ እርስዎ ደፍነው ይሄዳሉ። ፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ አለው። እርስዎ 64 ካሬ ይበቃኛል ብለው ቁጭ! ቁጠባው ለማን ነው?

እኔስ ተስቆብኝ ቤቴ ገባሁ። ከኋላዬ የነበሩት እናት ግን ከዘጌ በጠዋት ጀልባ የመጡ ናቸው። ቁጥራቸው ወጣ፣ አለፈ። አንድ ሰው በአፉ አልጠራቸውም። ጀልባው እንዳያመልጣቸው ጉዳያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። እዚህ ላይ አንቱታው ይቅር። አንተ ካሬ! እሳቸው የመጡት ፋሽን ሊያዩ ነው? የጀልባውን የሚከፍልላቸው ያ ዲዛይነርህ ነው? አንድ ጥሩ ፊደል መምረጥ፣ አንድ ሰው «እማማ ተራዎ ደርሷል» ብሎ መጥራት፣ ይኼ በጀት ይፈልጋል?

በል ልሰናበትህ፣ ነገ ተመልሼ መሄዴ ነው። የምሞላው ፎርም ሰጥተውኛል። ግርጌው ላይ፣ በአንተው ፊደል፣ «በግልጽና በሚነበብ ጽሑፍ ይሞላ» ይላል።