ይድረስ ለክቡር «ከጥንት ጀምሮ»

ጉዳዩ፦ የልደት ማስረጃ እንዲያቀርቡ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ወንድና ሴት ክርክር በተነሣ ቁጥር ማንም ሳይጠራዎ ከሁሉ ቀድመው ስለሚገኙ፣ ደብዳቤዬን ትጋትዎን በማድነቅ እጀምራለሁ። አንድ ወጣት ሮዝ ሸሚዝ ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ከመለጠፉ «ከጥንት ጀምሮ ሮዝ የሴት ነው» ብለው ከሥሩ ይሰፍራሉ፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ ሸሚዙን ትቶ ስለ አዳምና ሔዋን ይጽፋል፤ ሲመሽም የልጁ እናት ሳትቀር ትሰደባለች።

ከታላቅ ጋር መሟገት ነውር መሆኑን ባውቅም፣ ዕድሜዎን የሚያሳይ ወረቀት አይቼ ስለማላውቅ ጥቂት ለማጣራት ተገድጃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ ይታተም የነበረ የሕፃናት አልባሳት ነጋዴዎች መጽሔት፣ ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም በመሆኑ ለወንድ ልጅ፣ ሰማያዊ ግን ለስለስ ያለ በመሆኑ ለሴት ልጅ እንደሚስማማ አንባቢዎቹን መክሮ ነበር። በሮዝ ጉዳይ እንግዲህ ጥንትነትዎ ከአንዲት ቅድመ አያት ዕድሜ አይዘልም። ባለ ረጅም ታኮ ጫማንም «የሴት ነው» ሲሉ፣ የፋርስ ፈረሰኞች እግራቸውን በእርካብ ላይ ለማጽናት ይጫሙት እንደነበር፣ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም በቀይ ታኮ ይንጎራደድ እንደነበር ዘንግተው ይሆናል። (በፊቱ ቆሞ «ይህ የወንድ ጫማ ነው ወይ?» የሚል አስተያየት ሰጪ ቢገኝ ኖሮ፣ ክርክሩ አጭር ይሆን ነበር።) «የኮምፒውተር ሙያ የወንድ ነው» ባሉ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ይፋ ለሆነው ኤኒያክ ለተባለው ኮምፒውተር ፕሮግራም የሠሩት ስድስት ሴቶች መሆናቸው ሲነገርዎም «እሱ ሌላ ነው» ብለው ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የሰዋስው ዘበኝነትዎ ነው። በእንግሊዝኛ «እሱ»ም «እሷ»ም መባል የማይሻ ሰው «ዘይ» (they፣ «እነሱ») በሚለው የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም እንዲጠራ ሲጠይቅ፣ «አንድ ሰው እንዴት ብዙ ይሆናል? ቋንቋ ጠፋ!» እያሉ ሲጮኹ አነባለሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ማንነቱን ለይተው ላልጠቀሱት አንድ ሰው «ዘይ» ማለት የጀመሩት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑን ልተወው፤ ይህን ጩኸት በአማርኛ መጻፍዎ ግን ዝም አያሰኝም። አያትዎ ከደጅ ሲገቡ «መጡ» እንጂ «መጣ» አይሉም፤ የገቡት ግን አንድ ሰው ናቸው። ይህ ደብዳቤም ብቻዎን የሆኑትን እርስዎን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ በብዙ ቁጥር ግሥ እየጠራ እዚህ ደርሷል፤ ቅር ሲልዎም አላየሁም። ለእርስዎ ክብር ሲሆን የሚለጠጥ ሰዋስው ለሌላው ሲሆን የሚበጠስበትን ምክንያት ቢያስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቀን እርስዎን ሲጠቅስ የዋለው ያው ወንድ፣ ማታ ለጓደኛው «የት ጠፋሽ አንቺ?» ብሎ ሲጽፍለት ለምን ጣልቃ እንደማይገቡም አብረው ቢገልጹልኝ።

ባላንጣዎ «እስካሁን አልሰማህም?»ም የዋዛ እንዳልሆኑ አልክድም። አምና ትክክል የነበረን ቃል ዘንድሮ በቅን ልብ የተጠቀሙ አሮጊት ላይ ሲዘምቱ አይቻለሁ። ባላንጣዎ ግን ቢያንስ ሺህ ዓመት ኖርኩ አይሉም።

ስለዚህ ወደፊት በክርክር ሲገኙ ዓመተ ምሕረቱን፣ ባይሆን ክፍለ ዘመኑን ይዘው እንዲቀርቡ፤ ማስረጃው እስኪገኝ ድረስም «እኔ አልወደውም» በሚለው የመዝገብ ስምዎ ብቻ እንዲጠቀሙ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለታናሽ ወንድምዎ ለ«ሳይንስ አረጋግጧል»
ለአማችዎ ለ«ስድብ ሳይሆን አስተያየት ነው»