ክንዳችሁ አይዛል!

ድሮ ባሕር ዳር ላይ ሙዚቃ እየተመታ ትከሻው ያልተነቃነቀ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ሐዘን ላይ ነው ወይ ታሟል ይባል ነበር። ዛሬ ግን፣ ምስጋና ለሥልጣኔ፣ ቀንደኛ አድናቂ ይባላል። ስልክ የያዘ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ በግራው ክርኑን ደግፎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆሟል። እስክስታ ቢወርድ ምስሉ ይንቀጠቀጥበታላ! ስንት የተዘፈነለት የጎጃም ትከሻ በገዛ ፈቃዱ የካሜራ ማቆሚያ ትራይፖድ ሆኖ እያገለገለ ነው። ለእንዲህ ያለ ተጋድሎ አንድ የምስጋና ቃል የሚወረውር መጥፋቱ ያሳዝናል።

የሚወደው ዘፋኝ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ፣ አንዲት ስንኝ ይዞ የሚከርም ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ክብር መስጠት የሚጀመረው ገና ከበሩ ነው። ቲኬቱ ላይ 10 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ ዘፋኙ መድረክ የሚረግጠው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መሆኑን ግን የማያውቅ የለም። መሐል ያሉትን 6 ሰዓታት ሌላው ሕዝብ በወሬና በቆሎ ሲያባክናቸው አድናቂው ይቀርጻል፦ ቴክኒሻኑ ኬብል ሲጎትት፣ «ሄሎ፣ ቼክ፣ አንድ፣ ሁለት» ሲል፣ ዲጄው ሲያሟሙቅ። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በተለመደው ጥራት እንደ ስልኩ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ይበላል። በሰዓት ሲታሰብ ከ3 ጊጋባይት ተኩል እስከ 8 መሆኑ ነው። «ስቶሬጅ ሞልቷል» የሚለው መልእክት ታዲያ ሰዓቱን አክብሮ፣ ልክ ዘፋኙ ብቅ ሲል ይመጣል። ባትሪውም 9 ፐርሰንት ላይ ነው። የአድናቂው ትልቅነት የሚለካው እዚህ ጋ ነው። በግፊያው መሐል ቆሞ የሚጠፋ ነገር ይፈልጋል፤ የእህቱን ልጅ ክርስትና ያጠፋል፣ የአያቱን ምርቃት ያጠፋል። የሳውንድ ቼኩን ግን አይነካም።

የሚቀረጸው ነገር ደግሞ! ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን የገባ ሰው ከሜዳው መሐል እስከ መድረክ ያለውን ርቀት ያውቀዋል። 60 ሜትር እንበል። የስልክ ዋና ካሜራ ሰፋ አድርጎ ነው የሚያየው፤ በቁሙ ተይዞ ሲቀርጽ ከዚያ ርቀት 80 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ነገር ፍሬሙ ውስጥ ይገባለታል። ከላይ ጥቁር ሰማይ፣ ከታች የሰው ማጅራት። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነው ዘፋኝ፣ ቁመቱ በ1920 ነጥብ (ፒክስል) ከተከፈለው ምስል 40 ነጥብ ያህል ቢደርሰው ነው። በጣት እየለጠጡ ሲያጎሉት ነጥቡ አይበዛም፤ ያለው ይወፍራል እንጂ። በዚህ ዓይነት የአገር ኩራት የሆነው ፊት እንደ ጨጨብሳ ይቆራረሳል። ካሜራው በዚያ ላይ የጨለማውን ስፋት አይቶ ብርሃን ስለሚጨምር፣ መብራት ያረፈበት ፊት ነጭ ሆኖ ይቀልጣል። መፍትሔው ፊቱ ላይ ጣት ጫን አድርጎ መቆለፍና ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። ግን ማን ሁለት ሰከንድ አለው?

ፍላሽ አብርቶ የሚቀርጸው ለብቻው ሊመሰገን ይገባል። የስልክ ፍላሽ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይሞታል። ለዘፋኙ የሚደርሰው የለም፤ ከፊት የቆመውን ሰውዬ ማጅራት ግን ፎረፎሩ ሳይቀር ለታሪክ ያስቀምጠዋል።

ዋናው ጥበብ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ከስልኩ ማይክ እስከ አድናቂው አፍ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው፤ እስከ መድረኩ ስፒከር ደግሞ 60 ሜትር። ግጥሙን ቃል በቃል የያዘ ሰው ዝም ብሎ አይቀርጽም፤ ያንጎራጉራል፣ አዝማቹ ላይ ሲደርስ ይጮኻል። ድምፅ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል እየደከመ ነው የሚጓዘው። ስልኩም ከቅርብ የሚመጣው ጩኸት ሲበረታበት መቀበያውን በራሱ ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ከሩቅ የደረሰችው ዜማ ጭራሽ ታፍራለች። ጠዋት ሲከፈት አዲስ አልበም ነው የሚገኘው፤ ድምፃዊው አድናቂው፣ አጃቢው ታዋቂው ዘፋኝ።

ከመድረኩ ሥር፣ ስፒከሩ አፍ ላይ የቆሙትም አላሳፈሩንም። እዚያ ቤዙ የስልኳን ጤፍ የምታህል ማይክ ከአቅሟ በላይ ያስጮኻታል፤ የድምፁ ጫፍ ይቆረጥና የሚቀረው ጓ የሚል ነገር ብቻ ነው። ከእንግዲህ ፏፏቴ ለመስማት ጢስ ዓባይ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር መንዳት ቀረ። እንዲያውም ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር ፏፏቴው ራሱ እንዲህ አያጓራም።

የአዝማሪ ቤት ልማድ ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበር አሁን ገባን። እዚያ አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይቀበላል፣ ወርቁ ቀድሞ የገባው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ይህ ሁሉ ባዶ እጅና ሥራ ያልያዘ ጆሮ ይጠይቃል። የዛሬው አድናቂ ሰሙንም ወርቁንም አንድ ላይ ይቀርጽና ቤቱ ገብቶ ሊፈታው ያስባል፤ ቤት ሲደርስ ቃሉ አይሰማም። ዘፋኙ መሐል ላይ «እስቲ እናንተ!» ብሎ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞርማ ጉድ ነው። ሳይጠየቅ ሲጮኽ ያመሸው ሁሉ ተጠይቆ ጸጥ ይላል። ምን ያድርግ፣ ያቺ ቅጽበት ለቲክቶክ ናት።

የደም ግብሩንም አንርሳ። ጣና ዳር ሲመሽ ትንኝ እንዳለ፣ አገሩም ወባማ እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው እግሩን በእግሩ ከማሸት ሌላ መከላከያ የለውም። ትንኟ ክንዱ ላይ ተደላድላ ስትጠጣ እያያት ይቀርጻል፤ ቢመታት ፍሬሙ ይበላሻል።

ላይቭ የሚገቡትም አሉ። በአንድ የኔትወርክ ማማ ሥር ሺዎች እኩል ቪዲዮ ሲልኩ መንገዱ ይዘጋል፤ ዓባይ ማዶ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ጓደኛ የሚደርሳት የሚሽከረከር ክብና «ይሰማል? ይታያል?» የሚል ጥያቄ ነው። አድናቂው ዘፈኑን ትቶ ኮሜንት ያነባል፣ ሰላምታ ይመልሳል። ከኋላው የቆመችው አጭር ልጅ ደግሞ በከፈለችበት ቲኬት አንድ ሳይሆን 14 ዘፋኝ ታያለች፣ ሁሉም መዳፍ የሚያህሉ።

እሑድ ረፋድ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ ከነዳጣው ቀርቦ፣ ጎን ለጎን ቆመው ሲቀርጹ ያመሹ ሁለት ጓደኛሞች ስልክ ይለዋወጣሉ።

«ይሄ ማነው?»

«እሱ ነዋ!»

«የቱ?»

«ነጩ።»

«ከነጮቹ የትኛው?»

ሁለተኛው የራሱን ይከፍታል። እሱ ጋ ጭራሽ ዘፋኝ የለም፤ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር የሞላው የወዳጁ ክንድ ነው። ክንዱ ግን ጥርት ብሏል፤ የእጅ ሰዓቱ ሳይቀር ይነበባል፣ 4 ሰዓት ከ20።

ባለ ክንዱ አሳውን አስቀምጦ ስልኩን ጠጋ አድርጎ አየና፣ «ይሄን ላክልኝ» አለ።