እርሳሱ ይቆየን፣ ሊጡን አምጡት

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ኬጂ ከገባች ወዲህ በየቀኑ የቤት ሥራ ይዛ ትመጣለች። «ሀ»ን ሙሉ ገጽ ጻፊ ይላል። እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ ስትታገል ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እንባዋ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ እናቴ ዳቦ ልትጋግር ስታቦካ ከሊጡ ቆንጥራ ሰጠቻት። ግማሽ ሰዓት ድምጿ ጠፋ።

ጠጋ ብዬ አየኋት። በመዳፏ ታድበለብላለች፣ በአውራ ጣቷ ትጫናለች፣ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ትስባለች። እርሳስ የሚይዙት እኮ እነዚሁ ጣቶች ናቸው! ሳይጠነክሩ ፊደል ማስጻፍ ምን የሚሉት ጥድፊያ ነው?

ከዚያ ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ የሥነ ልቦና ሊቅ በልጆች ላይ የሞከረውን እኔም ሞከርኩ። ሁለት እኩል ድብልብል ሠራሁ። «እኩል ናቸው?» «አዎ።» አንዱን እያየችኝ እንደ እባብ አስረዘምኩት። «አሁንስ?» «ይሄ ይበልጣል» አለች፣ ረጅሙን እየነካች። መልሼ አድበለበልኩት። «እኩል!» በሷ ዕድሜ አብዛኞቹ ልጆች እንዲህ ነው የሚሉት። ቅርጹ ቢለወጥም መጠኑ ያው መሆኑ የሚገባቸው ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ነው። ላስረዳት ብሞክር ዝም ብላ አየችኝ። እጇ ደጋግሞ ካልሠራው የኔ ወሬ ምን ይፈይዳል?

በጣሳ የሚሸጠውን ፕሌይ ዶህ የተባለ መጫወቻ ሊጥ መግዛት ግዴታ አይደለም። እሱም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ የግድግዳ ወረቀት ማጽጃ ነበር። የልጆች መጫወቻ ሆኖ የወጣው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ዘይት ይበቃል። ለቀለሙ እርድ ወይም የቀይ ሥር ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። ጨው ስለሚበዛበት ግን እንዳይበሉት ዓይን አይነቀልም።

እናቴ ይሄን ስትሰማ «በእህል ይቀለዳል?» ብላ ተቆጣች። በዛሬው የዱቄት ዋጋ እውነቷን ነው። ነቀዝ የገባበት ዱቄት ካለ እሱ ይሁን፤ ከሌለም ጭቃ አለ። እሷ ራሷ ከብት ስትጠብቅ የጭቃ በሬ ከነቀንዱ እየሠራች ፀሐይ ላይ ታደርቅ ነበር። ትምህርት ነው ያላት ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ልማዳችን ያናድደኛል። ልጁ ገና መነካካት ሲጀምር «አበባ ሥራ፣ እንደዚህ አይደለም» እንልና ነጥቀን እኛው እንሠራዋለን። እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ትናንት ልጄ ሊጡን አስረዝማ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ ቆለመመችው።

«ጎበዝ፣ ሀ ሠራሽ!» አልኳት።

«ሀ አይደለም» አለች ተቆጥታ። «የእማማ በሬ ቀንድ ነው።»