አፕዴት እምቢ ካለ ምክንያቱን ይናገር

«አፕዴቱን መጨረስ አልቻልንም። ለውጦቹን እየመለስን ነው። ኮምፒውተርዎን አያጥፉ።» ዊንዶውስ የሚጠቀም ሰው ይህችን መልእክት አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። ነጠብጣቦቹ ይሽከረከራሉ፣ ጥበቃው ይረዝማል። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው። በማግስቱ ያው አፕዴት እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ይወድቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያስባል። ወይ «ኮምፒውተሬ አለቀለት» ይላል፣ ወይ «የሆነ ነገር ነካክቼ አበላሸሁት» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ልክ አይደሉም። እኔ የምወቅሰው መልእክቱን ነው። ማሽኑ የት ላይ እንደተሰናከለ በራሱ መዝገብ ውስጥ ጽፎ ያስቀምጣል። ለባለቤቱ የሚያሳየው ግን አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው። ሐኪም ጋ ሄዶ «ታመሃል» ተብሎ እንደመመለስ ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ይዋሻል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ለዊንዶውስ 10 አንድ የደህንነት አፕዴት ለቀቀ። ዲስክ የሚቆልፈውን ቢትሎከርን ለማለፍ የሚያስችል ቀዳዳ የሚደፍን ነበር። ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አልጫንም አለ። የሚወጣው ቁጥር 80070643 ነው፤ ፍቺው «መጫን አልተሳካም»። ይኼንንማ ማን አጣው! እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነበር። ዊንዶውስ ሲበላሽ ራሱን የሚጠግንባት ትንሽ የዲስክ ክፍል አለች፤ ሪከቨሪ ፓርቲሽን ትባላለች። አፕዴቱ እሷ ውስጥ 250 ሜጋባይት ነፃ ቦታ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ላይ ይህ ቦታ አልነበረም። ማይክሮሶፍት ራሱ በኋላ እንዳመነው፣ «ቦታ የለም» መባል ሲገባው የተሳሳተ ቁጥር ይወጣ ነበር። መፍትሔው ደግሞ ባሰ። ፓርቲሽኑን በትዕዛዝ መስኮት፣ በእጅ ማስፋት። ኢሜይል ሊያይና ፊልም ሊከፍት ኮምፒውተር የገዛ ሰው ፓርቲሽን አስፋ ተባለ። ከወራት በኋላ ኩባንያው ይህን ችግር በራሱ የሚፈታ አፕዴት እንደማይኖር አስታወቀ። ከድጡ ወደ ማጡ!

መልእክቱ ካልረዳን እንግዲህ ራሳችን መጠርጠር አለብን። ደግነቱ ተጠርጣሪዎቹ ብዙ አይደሉም።

አንደኛው የቦታ ጥበት ነው። 80070070 የሚል ቁጥር ካያችሁ ዲስኩ ሞልቷል ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ብታዩም እንኳ መጀመሪያ ቦታውን ተመልከቱ። ለወርሃዊዎቹ ትንሽም ይበቃል፤ ለትልልቆቹ ማሻሻያዎች ግን 20 ጊጋባይት ያህል ነፃ ቢሆን ይሻላል። ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለው ገጽ ላይ ጊዜያዊ ፋይሎችን ማጥፋት ይቻላል። ስታጸዱ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን አለ። ሳያስቡት እሱ ላይ ምልክት አድርጎ ያወረዱትን ሰነድ ሁሉ ጠራርጎ ማጥፋት ቀላል ነው።

ቀጥሎ ሪስታርት። «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር የሰነፍ ባለሙያ መልስ ይመስላል፤ ነገር ግን ትክክል ነው። እንዲያውም ስለ ማጥፋቱ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ቶሎ እንዲነሳ ተብሎ «ሻት ዳውን» ስንል ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚተኛው፤ ሲነሳ ከነችግሩ ይነሳል። «ሪስታርት» ስንል ግን ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ማታ ማታ አጥፍቶ ጠዋት የሚያበራ ሰው ለሳምንታት አንድም ቀን እውነተኛ ሪስታርት ሳያደርግ ሊከርም ይችላል። ለመጨረስ ዳግም መነሳትን የሚጠብቅ አፕዴት ካለ ደግሞ ተከታዩን ይዞ ያስቆመዋል።

ይህ ሁሉ ጠብ ካላለ፣ የወረደው ፋይል ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ያለውን ትራብልሹተር፣ ማለትም ችግሩን ፈልጎ ለመፍታት የሚሞክረውን መሣሪያ፣ አስቀድሙ። እምቢ ካለ የዊንዶውስ አፕዴትን አገልግሎት አቁማችሁ፣ «ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን «ዳውንሎድ» ባዶ አድርጉትና አገልግሎቱን መልሳችሁ አስነሱት። እዚያ ያለው የወረደ አፕዴት ብቻ ስለሆነ ፎቶም ሰነድም አይነካም። 80073712 ከወጣ ግን የተጎዳው ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች ቅጂ የሚያስቀምጥበት የክፍሎች ማከማቻ ነው። እዚህ ላይ ዲስም (DISM) እና ኤስኤፍሲ (SFC) የሚባሉት፣ በትዕዛዝ መስኮት የሚሠሩ ሁለት የዊንዶውስ መሣሪያዎች ይመጣሉ። ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። ዲስም ማከማቻውን ይጠግናል፣ ኤስኤፍሲ ከተጠገነው ማከማቻ ንጹሕ ፋይል አውጥቶ የተበላሸውን ይተካል። ኤስኤፍሲን አስቀድሞ ከብልሹ ማከማቻ እንዲቀዳ ማድረግ ልፋት ነው።

ከዊንዶውስ ጋር ያልመጣ አንቲቫይረስ፣ ያረጀ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም)፣ የተሰካ ፕሪንተርና ፍላሽም ያሰናክላሉ። መንቀል የሚቻለውን ንቀሉና ሞክሩ።

ለውጡን እየመለሰ ሳለ ግን በምንም ተአምር ገመዱን እንዳትነቅሉ። መመለሱ እንደ ውድቀት ይታያል እንጂ መልካም ዜና ነው፤ ሲስተሙ ራሱን እያዳነ ነው። ይህን በተሻለ የሠሩም አሉ። ክሮምቡኮች፣ ማለትም በጉግል ሲስተም የሚሠሩ ላፕቶፖች፣ ሲስተሙን በሁለት ቅጂ ይይዛሉ። አዲሱ ሥራ ላይ ባልዋለው ቅጂ ላይ ይጫናል፤ መነሳት ካቃተው ማሽኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፣ ባለቤቱ ላያውቅም ይችላል። የቤት ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ ቢሆን ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ።

በንዴት አፕዴትን ጭራሽ የሚዘጉ ሰዎች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድ ስላጠፋ ስርጭቱ በቀናት ውስጥ ቆሞ ነበር። ይሁንና መዝጋቱ ይብሳል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በሜይ 2017 ዓለምን ሲያምስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ጥቂት ቀን ማዘግየት አይከፋም፤ ለዚያም ዊንዶውስ ራሱ ማቆያ ቁልፍ አለው። ባክአፕ መያዝ ግን ግዴታ ነው፤ ዲስም ምናምን ከመነካካት በፊት።

መልእክቱን ማስተካከል አይቻልም የሚለኝ ካለ አንድ ማስረጃ አለኝ። በጁን 2021 ዊንዶውስ 11 ሲታወጅ «ፒሲ ኸልዝ ቼክ» የሚባል መመርመሪያ አብሮ ወጣ። ኮምፒውተራችሁ አይችልም ይላል፣ ለምን እንደሆነ በቅጡ አይናገርም። ጩኸቱ ሲበዛ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ አነሳው። በዚያው ዓመት ሲመልሰው የጎደለውን መስፈርት በስሙ የሚጠራ አድርጎት ነበር። አሁን ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ወደ 11 ለመሻገር የሚሞክር ሰው «ቲፒኤም 2.0 የለም» የሚል ግልጽ መልስ ያገኛል፤ ቲፒኤም ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደህንነት ቺፕ ነው። ቺፑ ኖሮ ተዘግቶ ከሆነ ከባዮስ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ውስጥ ያበራዋል። ጭራሽ ከሌለው ደግሞ ዲስክ ሲያጸዳና ፎልደር ባዶ ሲያደርግ አይውልም።